አራት ዓመት ለዝና አዳራሽ ይበቃል? የቴሬል ዴቪስ ጉዳይ

ቴሬል ዴቪስ በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል መደበኛ ውድድር የተጫወተው 78 ጨዋታ ብቻ ነው። በእነዚያ ጨዋታዎች ኳስ ታቅፎ የሮጠው ርቀት ተደምሮ 7,607 ያርድ ይሆናል፤ ወደ ሜትር ሲመነዘር ሰባት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አሥር ሺህ ሜትር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሮጦ ሲያልቅ ማየት ለለመደ ኢትዮጵያዊ፣ ይህ የሰባት ዓመት ሥራ ነው ቢባል ሊያስገርመው ይችላል። ልዩነቱ ዴቪስ እያንዳንዷን ያርድ ያገኘው አሥራ አንድ ሰዎች መሬት ላይ ሊደፉት እየተሽቀዳደሙ መሆኑ ነው።

ከሰባቱ ዓመታት በወጉ የተጫወተው አራቱን ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ሁለት የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን ፍጻሜ፣ ዋንጫ አነሳ፣ የአንዱ ፍጻሜ ኮከብ ተባለ፣ የሊጉ ኮከብ ተባለ፣ በአንድ የውድድር ዘመን ከ2,000 ያርድ በላይ ከሮጡ እጅግ ጥቂት ሰዎች ተርታ ገባ። ከዚያ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ የሚገኘው የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ በሩን እስኪከፍትለት ደግሞ ብዙ ጠበቀ። ከ2007 ጀምሮ መመረጥ ይችል ነበር፤ የተመረጠው በ2017 ነው። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ሁሉ ጊዜ ሲያከራክር የኖረው ነገር ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው አራት ዓመት ይበቃል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይቆረቁራል፦ በቡድኑ በዴንቨር ብሮንኮስ ማልያ ማንም ቢሰለፍ ያንኑ ያህል አይሮጥም ነበር ወይ? ይህን የሚጠይቁት ሰዎች በምቀኝነት ብቻ አልነበረም የሚጠይቁት፤ በእጃቸው ማስረጃ ነበራቸው። እኔ እንደማየው ግን መልሱ ያለው መራጮቹ እንደ ተጨማሪ ሲቆጥሩት በኖሩት መዝገብ ውስጥ፣ በስምንት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። አጥቂው ቡድን ኳሱን አሥር ያርድ ወደ ፊት ለማስኬድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከተሳካለት ሌላ አራት ያገኛል፣ ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ይሆናል። ኳሱን ከመሃል የሚቀበለው ኳርተርባክ ወይ ወደ ፊት ይወረውራል፣ ወይ ከኋላው ለቆመው ሰው በእጁ ያቀብላል። ያ ከኋላ የቆመው ሰው ረኒንግ ባክ ነው። ፊት ለፊቱ አምስት ግዙፍ የመስመር ተጫዋቾች ይጋፉለታል፤ እሱ በሚከፈተው ቀዳዳ ሾልኮ ይሮጣል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ ተችዳውን ይባላል፣ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። በፉትቦል ሜዳ ላይ በአንድ ቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ተጠልፎ፣ ተገፍቶ፣ ተደራርበውበት የሚወድቅ ሰው ቢኖር ይህ ነው። በዚህ ቦታ ሠላሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ገበያው የሚደራለት ተጫዋች ብርቅ ነው።

ከመቶ ዘጠና አምስት ሰዎች በኋላ

ዴቪስ በ1972 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሉፐስ በሚባለው በሽታ ያረፉት ገና በልጅነቱ ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ማይግሬን ያሠቃየው ነበር፤ ራስ ምታቱ ሲነሳ ዓይኑ ይጋረዳል፣ ያስመልሰዋል። በሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት አንዱ ቦታው በተከላካዩ መስመር መሃል ነበር፤ ማለትም ኳስ የያዘውን የሚጥል እንጂ ኳስ ይዞ የሚሮጥ አልነበረም። ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም። ወንድሙ ወደሚጫወትበት ሎንግ ቢች ስቴት ሄደ። እዚያ የነበረው አሠልጣኝ ጆርጅ አለን በፕሮፌሽናሉ ሊግ ስም ያተረፈ ሰው ነበር፤ በ1990 መጨረሻ ላይ ሞተ። ከአንድ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድኑን ጭራሽ ዘጋው።

ወደ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እዚያም ከፊቱ ጋሪሰን ኸርስት ነበር፤ በ1993 ምልመላ፣ ማለትም የሊጉ ቡድኖች ተራ በተራ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በሦስተኛ ተራ የተመረጠው ኸርስት ማለት ነው። እሱ ሲሄድ ዴቪስ 824 ያርድ ሮጠ፣ በመጨረሻው ዓመቱ ግን የታፋ ጡንቻ ጉዳት ከሜዳ አራቀው። በዚህ ምክንያት በ1995 የሊጉ ምልመላ ሲካሄድ ስሙ የተጠራው በስድስተኛው ዙር፣ ከ195 ተጫዋቾች በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ከሁሉም በፊት የተጠራው ኪ-ጃና ካርተር ነበር፤ እሱም ረኒንግ ባክ ነው። ካርተር በሲንሲናቲ ማልያ ገና በመጀመሪያው የዝግጅት ጨዋታው የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ከዚያ በኋላም የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ። ለዚህ ቦታ ሰው የሚመርጡ ባለሙያዎች ከሎተሪ ሻጭ ብዙም የማይሻሉበት ጊዜ አለ።

ዴንቨር የደረሰው ከተጠባባቂዎች ተጠባባቂ ሆኖ ነው። በዚያ ክረምት ቡድኑ ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር የዝግጅት ጨዋታ ለማድረግ ወደ ቶኪዮ ተጓዘ። ዴቪስ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው በልምምድ ዕድል ስላላገኘ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ ከሆቴሉ ወደ አገሩ የሚመልሰውን በረራ ለማስያዝ ሞክሮ ከሆቴሉ ሠራተኛ ጋር በቋንቋ ሳይግባቡ ቀሩ። ጨዋታው ላይ ኳስ ሲለጋ ሮጦ ተቀባዩን ከሚያስቆሙት መካከል አሰለፉት። ይህ ኮከቦች የማይሠሩት፣ ሥራ ፈላጊዎች የሚላኩበት ቦታ ነው። ዴቪስ ኳሱን የያዘውን የፎርቲናይነርስ ተጫዋች በሙሉ ኃይሉ መትቶ ጣለው። አሠልጣኞቹ ያን ጊዜ ስሙን ያዙ። የውድድር ዘመኑ ሲከፈት የመጀመሪያ ተሰላፊ ነበር፤ ዓመቱንም በ1,117 ያርድ ጨረሰ።

ማሽኑ

አሁን ወደ ጥርጣሬው ምንጭ እንምጣ። ማይክ ሻናሃን የዴንቨር ዋና አሠልጣኝ የሆነው በዚያው በ1995 ነው። የመስመር ተጫዋቾቹን ለአሌክስ ጊብስ ሰጠው። ጊብስ በሊጉ ከተለመደው ቀለል ያሉ፣ እግራቸው የሚፈጥን ሰዎችን መረጠ። አምስቱም አንድ ላይ እንደ ረድፍ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታሉ፤ እያንዳንዱ አንድን ሰው ሳይሆን አንድን ክልል ይጠብቃል፣ በክልሉ የገባውን ይገፋል። ተከላካዮቹ ረድፉን ተከትለው ወደ ጎን ሲሳቡ በመካከላቸው የሆነ ቦታ ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል። የት እንደሚፈጠር ግን አስቀድሞ ማንም አያውቅም። ሯጩ ነው የሚያየው።

ለሯጩ የተሰጠው መመሪያ አጭር ነበር፦ ታገሥ፣ ስንጥቁን እይ፣ እግርህን አንድ ጊዜ ትከል፣ ወደ ፊት ሂድ። መጨፈር የለም፣ ወዲያና ወዲህ ማለት የለም። የዲትሮይቱ ባሪ ሳንደርስ አምስት ሰው በቁሙ አሳስቶ ለማለፍ ሦስት ያርድ ወደ ኋላ የሚሸሽ ዓይነት ነበር፤ ለዓይን ከሱ የሚያምር አልነበረም። ዴቪስ የዚያ ተቃራኒ ነው። ፈጣኑ ሰው አልነበረም፣ ከባዱም አልነበረም። የነበረው ትዕግሥትና ዓይን ነው፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎም ሲወድቅ እንኳ ሁለት ያርድ ወደ ፊት ይወድቃል። ጊብስ የሠራው ማሽን እንዲህ ያለ ሰው ይፈልግ ነበር። ያገኙት በስድስተኛው ዙር መሆኑ ሰዉን ሁሉ «ሯጭ የትም ይገኛል» ወደሚል ድምዳሜ ወሰደው።

በ1996 ዴቪስ 1,538 ያርድ ሮጠ፣ ዴንቨርም 13 ጨዋታ አሸንፎ ሦስት ብቻ ተሸነፈ፤ ከዚያ በገዛ ሜዳው በጃክሰንቪል ጃጓርስ 30 ለ 27 ተረትቶ ከጥሎ ማለፉ ተሰናበተ። ማንም ያልጠበቀው ሽንፈት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዴቪስ 1,750 ያርድ ሮጠ። በጥሎ ማለፉ ጃክሰንቪል እንደገና ሲመጣ 184 ያርድ ሮጦበት 42 ለ 17 ተሸኘ። ካንሳስ ሲቲ ላይ 101፣ ፒትስበርግ ላይ 139። ሁለቱም የተካሄዱት በባለሜዳው ጩኸት ውስጥ ነው፤ ካንሳስ ሲቲን በአራት ነጥብ፣ ፒትስበርግን በሦስት ነጥብ ብቻ ነው ያለፉት። ከዚያ የቀረው ፍጻሜው ነበር፤ በዴቪስ የትውልድ ከተማ በሳን ዲዬጎ።

ያላየው ጨዋታ

ጥር 25 ቀን 1998። ተጋጣሚው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ግሪን ቤይ ፓከርስ ነው፣ በብሬት ፋቭር የሚመራው። ዴንቨር ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ለሱፐር ቦውል ደርሶ አራቱንም ተሸንፏል፤ ከአራቱ ሦስቱን ኳርተርባኩ ጆን ኤልዌይ ራሱ ተሸንፏቸዋል። ኤልዌይ 37 ዓመቱ ነበር። ግምቱ ሁሉ ለግሪን ቤይ ነበር።

ግሪን ቤይ ቀድሞ አገባ። ዴንቨር በዴቪስ ሩጫ መልሶ አቻ አደረገ። ከዚያ በመጀመሪያው ሩብ መጨረሻ ገደማ ዴቪስ ጭንቅላቱ ላይ ተመታ፣ ማይግሬኑም ተነሳ። በጨዋታ ቀን አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት ነበረው፤ ያን ቀን ግን የወሰደው ዘግይቶ ነበር። ዓይኑ ተጋረደ። ወደ ጠርዝ ወጥቶ ለአሠልጣኙ ማየት እንደማይችል ነገረው።

ዴንቨር በዚያች ደቂቃ ከግሪን ቤይ መስመር አንድ ያርድ ላይ ነበር። ሻናሃን ያደረገው ነገር ዛሬ ቢሆን ምርመራ ያስነሳል፤ እንደ ታክቲክ ግን ሊታለፍ የማይችል ነው። ዴቪስ ሜዳ ላይ ከሌለ ግሪን ቤይ ዴንቨር በሩጫ ይመጣል ብሎ አያምንም። ስለዚህ ምንም ሳያይ እንዲገባ፣ ኳስ እንደተቀበለ ሰው መስሎ ወደ መሃል እንዲወረወር ነገረው። ኳሱ ለእሱ አልነበረምና ማየት አላስፈለገውም። ዴቪስ ገባ። ኤልዌይ ኳሱን የሰጠው መሰለ፣ ተከላካዮቹ ባዶ እጁን ያለውን ሰው ተከተሉት፣ ኤልዌይ በቀኝ በኩል ማንም ሳይነካው ገባ። 14 ለ 7።

የሁለተኛውን ሩብ አብዛኛውን ክፍል ዴቪስ ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። የሱፐር ቦውል ዕረፍት ለሙዚቃ ትርኢት ሲባል ከተለመደው ይረዝማል፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ጊዜ ሰጠው። ተመልሶ ሲገባ በመጀመሪያው ሙከራ ኳሱ አመለጠው፣ ግሪን ቤይ አንሥቶ 17 ለ 17 አደረገ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የጀግና ታሪክ ሲተረክ የጣለው ኳስ አይነሳም። ያችን ስሕተት ካደረገ በኋላም ሻናሃን ኳሱን መልሶ መላልሶ የሰጠው ለእሱ ነው። ዴንቨር 92 ያርድ ተጉዞ ዴቪስ ሲያገባ 24 ለ 17 ሆነ። ግሪን ቤይ እንደገና አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሲቀረው ዴቪስ ከአንድ ያርድ ሦስተኛውን አገባ፤ የግሪን ቤዩ አሠልጣኝ ማይክ ሆልምግሬን ለራሱ ቡድን ጊዜ ለማትረፍ ሲል እንዲያሳልፉት አዝዞ ነበር። 31 ለ 24 ተፈጸመ።

ዴቪስ 30 ጊዜ ኳስ ይዞ 157 ያርድ ሮጠ። በአንድ ሱፐር ቦውል ሦስት ጊዜ በሩጫ ተችዳውን ያስቆጠረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሩብ ያህል ዓይኑ ተጋርዶበት ከቆየ በኋላ ነው።

ሙሉው ዓመትና የሒሳቡ ቀን

ከ1998ቱ ውድድር በፊት ቡድኑ ለዘጠኝ ዓመት የሚዘልቅ፣ ከ56 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል አስፈረመው። ዴንቨር የመጀመሪያዎቹን 13 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል ላይ ተቀምጣለች፣ በዚህም ትኮራለች፤ የውጭ ቡድኖች አየሩ ይሳሳብናል ይላሉ። (1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐዋሳ እንኳ ዝቅ ይላል። ዛሬ በዴንቨርና በጎረቤቷ ኦሮራ የሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን በዚህ ወሬ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።) ዴቪስ ተችዳውን ባገባ ቁጥር እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ እንደ ወታደር ሰላምታ ይሰጣል፤ ስታዲየሙ በሙሉ አብሮት ይሰጣል።

ወደ መጨረሻው ጨዋታ ሲገባ 2,000 ለመድረስ 170 ያርድ ይቀረው ነበር። ሲያትል ላይ 178 ሮጠ። ዓመቱን በ2,008 ያርድና በ21 የሩጫ ተችዳውን ዘጋ። ከዚያ በፊት ይህን ወሰን ያለፉት ኦ.ጄ. ሲምፕሰን፣ ኤሪክ ዲከርሰንና ባሪ ሳንደርስ ብቻ ነበሩ። በጥሎ ማለፉ ማያሚ ላይ 199፣ ኒውዮርክ ጄትስ ላይ 167፣ በፍጻሜው አትላንታ ፋልከንስ ላይ 102 ሮጦ ሁለተኛውን ዋንጫ ወሰደ። በግንቦት 1999 ኤልዌይ ጫማውን ሰቀለ።

ጥቅምት 3 ቀን 1999 ዴንቨር በሜዳው ከጄትስ ጋር ይጫወት ነበር። ወጣቱ ኳርተርባክ ብራያን ግሪሲ የወረወረው ኳስ ተጠለፈ። ኳስ ሲጠለፍ አጥቂው ሁሉ በቅጽበት ተከላካይ ይሆናል፤ ዴቪስ ጠላፊውን ለማስቆም ሮጠ። በዚያ ግርግር የገዛ ቡድኑ የመስመር ተጫዋች ማት ሌፕሲስ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ወደቀበት። የፊት መስቀለኛው ጅማትና የውስጥ ጎኑ ጅማት ተበጠሱ። ዴቪስ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ይሰጣል። አንዱ ዕድል ነው ይላል፦ ኳስ ይዞ ሳይሆን ሌላ ሰው ሊያስቆም ሲሮጥ፣ በተጋጣሚ ሳይሆን በቡድን ጓደኛው ክብደት ተጎዳ። ሌላው ወገን ቁጥር ያቀርባል። ዴቪስ በ1997 በመደበኛው ውድድር 369፣ በጥሎ ማለፉ 112 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጧል፤ በ1998 ደግሞ 392 እና 78። ሲደመር በሁለት የውድድር ዘመን 951 ጊዜ ነው። ይህን ያህል የተደበደበ ሰውነት ይዋል ይደር እንጂ ዋጋውን ይከፍላል ይላሉ። የተገጣጠመው ነገር ደግሞ ለእነሱ የሚመች ነው፦ በዚያው ሱፐር ቦውል ከአትላንታ ጎን የነበረው ረኒንግ ባክ ጀማል አንደርሰን በ1998 መደበኛ ውድድር 410 ጊዜ ሮጦ ነበር፤ እሱም በመስከረም 1999፣ ከዴቪስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በአንድ ፍጻሜ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለቱ ሯጮች በሚቀጥለው ውድድር አራተኛውን ጨዋታ ሳይሻገሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ሄዱ።

እኔ ድካም ብቻውን ጅማት ይበጥሳል ብዬ አልደፍርም፤ ሰው ሲወድቅብህ ትኩስ ጉልበትም ይበጠሳል። የድካሙ ምልክት የሚታየው ከጉዳቱ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። በ2000 አምስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ አሁን የተጎዳው ሌላኛው እግሩ ነበር። በ2001 በሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስምንት ጨዋታ ተሰለፈ፣ 701 ያርድ ሮጠ፣ አንድም ተችዳውን አላስቆጠረም። የ2002 ውድድር ከመከፈቱ በፊት በቃኝ አለ። ገና ሠላሳ አልሞላውም ነበር። ያ የዘጠኝ ዓመት ውል ግማሹን እንኳ ሳያገባድድ ቀረ።

ተተኪዎቹና ክሱ

የዴቪስን ስም የጎዳው ዋናው ነገር ጉልበቱ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች መሳካት ነው። እሱ በተጎዳበት ዓመት ያው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ልጅ የሆነው ኦላንዲስ ጋሪ ገብቶ 1,159 ያርድ ሮጠ። በ2000 ማይክ አንደርሰን የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር፣ እሱም በስድስተኛው ዙር የተመለመለ፣ 1,487 ያርድ ሮጦ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። ክሊንተን ፖርቲስ በ2002 1,508፣ በ2003 1,591 ሮጠ፤ በሁለቱም ዓመታት በአንድ ሩጫ ያስመዘገበው አማካይ 5.5 ያርድ ነው። ዴቪስ በወርቃማው 1998 ያስመዘገበው 5.1 ነው። ፖርቲስ በ2004 ወደ ዋሽንግተን ተሸጦ የጊብስን መስመር ሲያጣ አማካዩ ወደ 3.8 ወረደ። አቃቤ ሕግ ከዚህ የተሻለ ሰነድ አይመኝም።

ስለዚህ ማሽኑ እውነተኛ ነበር፤ ይህን መካድ የዴቪስን ወዳጆች ያስገምታል እንጂ አይጠቅማቸውም። ማንኛውም ደህና ሯጭ በዚያ መስመር ኋላ ሺህ ያርድ ያገኝ ነበር። የዴቪስን ጠበቆች ስሰማ የሚያናድደኝ በ2,008 ላይ ችክ ማለታቸው ነው። ክሱ በጣም የሚያስኬደው እዚያው ላይ ነው።

ሌላውን መዝገብ ክፈቱት። ስምንት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ 204 ሩጫ፣ 1,140 ያርድ፣ 12 ተችዳውን። በሰባቱ በተከታታይ ከመቶ ያርድ በላይ ሮጧል፣ ሰባቱንም ዴንቨር አሸንፏል። በአማካይ ለአንድ ጨዋታ 142.5 ያርድ ነው፤ ይህ በ16 ጨዋታ ቢባዛ 2,280 ይሆናል፣ ዲከርሰን በ1984 ካስመዘገበው የ2,105 ክብረ ወሰን በላይ ማለት ነው። ያውም ደካማ ቡድኖች በሌሉበት፣ ተከላካዩ ሁሉ ማን እንደሚሮጥ እያወቀ። በመደበኛው ውድድር ከሚያስመዘግበው የሚቀንስ ሯጭ እንጂ የሚጨምር ብዙ አይገኝም።

ማሽኑስ? ከዴቪስ በኋላ ማሽኑ ያርድ ማምረቱን ቀጠለ፣ የጥሎ ማለፍ ድል ግን አላመረተም። በ2000 በባልቲሞር 21 ለ 3 ተሸኘ። ዴንቨር ከዚያ ሁለተኛ ዋንጫ በኋላ አንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለማሸነፍ እስከ ጥር 2006 ጠብቋል። እውነት ነው፣ የሄደው ዴቪስ ብቻ አይደለም፤ ኤልዌይም ሄዷል። ነገር ግን ኤልዌይ ከ1983 ጀምሮ እዚያው ነበር፣ ያለ ዴቪስም ሦስት ፍጻሜ ተጫውቷል። የሦስቱም መጨረሻ ሽንፈት ነው።

ካንተን

በዝና አዳራሹ ደንብ መሠረት ተጫዋች ካቆመ አምስት ዓመት ሲሞላው ለምርጫ ይቀርባል፤ ጋዜጠኞች የሚበዙበት ኮሚቴ በዝግ ክፍል ተሰብስቦ ይከራከርና ለመግባት 80 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋል። ዴቪስ ለመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ዝርዝር እንኳ የበቃው በ2015 ነው። ረጅም ዕድሜን የሚያመልክ ክፍል ነው። በዚያው በ1995 ምልመላ በሦስተኛ ዙር የተመረጠው ከርቲስ ማርቲን 11 ዓመት ሮጦ፣ 14,101 ያርድ ሰብስቦ በ2012 ገብቷል። ይገባዋል። ግን ማርቲን ለጽናት፣ ዴቪስ ለግለት ይታሰባሉና ሁለቱን በአንድ ዓምድ ማወዳደር ፋይዳ የለውም።

ለዴቪስ መንገድ የሚከፍተው ጥንታዊ ፍርድ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። የቺካጎው ጌል ሴየርስ 68 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ 4,956 ያርድ ብቻ ሮጦ፣ በጉልበት ጉዳት ተሰናብቶ በ1977 በ34 ዓመቱ ገብቷል። ሴየርስ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አልተጫወተም። ሴየርስ የገባው ያየው ሰው ሁሉ መቼም ስለማይረሳው ነው፤ የዴቪስ አሯሯጥ ደግሞ በዓይን አያስደምምም፣ አንድ እርምጃ ተክሎ መሄድ ነው። ከስታቲስቲክሱና ከዓመቱ ቁጥር ጀርባ ይህም የውበት አድልዎ ሳይሠራ አልቀረም እላለሁ፤ ባሪ ሳንደርስን አራት ዓመት ብቻ ቢጫወት ኖሮ አሥር ዓመት የሚያስጠብቀው አልነበረም።

በነሐሴ 2017 ዴቪስ ካንተን መድረክ ላይ ሲወጣ ከተሸላሚዎቹ መካከል ላዳኒያን ቶምሊንሰን ነበር። ቶምሊንሰን 11 ዓመት ተጫውቶ 13,684 ያርድ ሮጧል፤ የዴቪስን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። መራጮቹ ቶምሊንሰንን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበበት ዓመት ነው ያሳለፉት። ቶምሊንሰን በሱፐር ቦውል ሜዳ ተሰልፎ አያውቅም።